የማይለግም ፈሳሽ

«ታዲያ ዝልግልግነት ብለህ ብትጽፈው ምን ነበረበት?» አለችኝ ታላቅ እህቴ፣ ወረቀቶቿን አልጋው ላይ እየወረወረች። «መጽሐፉ ላይ ያለው እሱ አይደለም?»

«እታለም፣ ዝልግልግነት ሲሉት ተልባ ነው የሚታየው። ማን ይገባዋል?»

«ልግመትማ ገባቸው!»

ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ፊዚክስ በምታስተምርበት የመሐል ሜዳ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን ለመምህራንና ለወላጆች አንብባ ነበር። እሷ እያስረዳችኝ አማርኛውን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ አስተማሪ የለኝም፤ ግጥም እጽፋለሁ፣ በቃል ጉዳይ ደግሞ ማንንም አልሰማም።

ጥናቷ ስለ ግጭት ነው። ሁለት የእርሳስ አቶም አስኳሎች በብርሃን ፍጥነት ግድም ሮጠው ሲላተሙ ለቅጽበት ቀልጠው ፈሳሽ ይሆናሉ። ያንን ፈሳሽ በዕቃ የቀዳው የለም፤ የተረጨውን ፍንጣሪ አይተው እንዴት እንደፈሰሰ በኮምፒውተር ያሰላሉ። እህቴ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መብራት በመጣ ቁጥር፣ ስታሰላ የከረመችው ፈሳሹ ሲፈስ ምን ያህል እርስ በርሱ እንደሚጎታተት ነው፤ መጽሐፉ ዝልግልግነት የሚለው ይህንን ነው። ምንም አይጎታተትም ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። እኔ ደግሞ ጅራፍ እየጮኸበት ትልም መሐል ቀጥ የሚለውን በሬ አባታችን «ለገመ» ሲሉት ትዝ አለኝና «የማይለግም ፈሳሽ» ብዬ ጻፍኩ።

እስከዚያ ደህና ነበር። «ልግመት ሲበዛ ሩጫው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል» የሚለውን ስታነብ ግን ከኋላ አንዱ «ኧረ እሳቸውን ነው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ርዕሰ መምህሩ ቀኑን ሙሉ ሲቆጡ የሚውሉ፣ የወደቀውን አጥር ግን ዓመት ሙሉ ያላስነሱ ሰው ናቸው። ለሦስተኛ ዲግሪ የምትሄድበትን መልቀቂያ የሚፈርሙትም እሳቸው ናቸው። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ንባቡ ሲያልቅ ሊፈርሙላት ነበር፤ ሳይፈርሙ ተነሥተው ወጡ።

«አሁንም ቢሯቸው አሉ» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አብረን እንሂድ። ቃሉ የእኔ ነው፣ ተሳስቼ ነው በላቸው። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«የእኔ ነው እላለሁ። ተሳስቼ ነው ግን አልልም።»

«ወግ ነው! ለእኔ ስትል እንኳ?»

«አንቺ ራስሽ ልክ ነው አላልሽም?»

«ብያለሁ። ልክ ነው።» ወረቀቶቹን ከአልጋው ሰበሰበች። «ስትጽፈው ግን እሳቸው ትዝ ብለውህ ነበር?»

ትዝ ብለውኝ ነበር። ብቻዬን ስቄም ነበር።

ፊቴን አይታ ገባት። ነጠላዋን ከምስማሩ አወረደች።

«ስህተት ነው የምላቸው እኔ ነኝ ማለት ነው» አለች። «ልክ መሆኑን እያወቅሁ።»

ወጣች። በሩ ቆርቆሮ ነው፤ ሁለት ጊዜ ካልሳቡት አይገጥምም። ሁለት ጊዜ ሳበችው።