የመስታወቱ ጀርባ

በልጅነቴ የቤታችንን የናስ ዕቃ የምወለውለው እኔ ነበርኩ። ሎሚና አመድ ይኑር እንጂ የማላበራው ነገር የለም እያልኩ እኮራ ነበር። ይኸው ኩራቴ ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ ከተማ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ ጉድ ሠራኝ።

የምንከባከባቸው ሴትዮ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ጃፓናዊት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ነግሬያቸው ወደውታል። አሜሪካዊ ወታደር አግብተው ቴክሳስ ሲመጡ እናታቸው የሰጧቸው የነሐስ መስታወት አላቸው። ክብ ነው፣ እጀታ አለው፣ የትንሽ ድስት ክዳን ያህላል። ፊቱ ደብዝዞ ማንንም አያሳይም። እሳቸው የሚወዱት ግን አበባ የተቀረጸበትን ጥቁር ጀርባውን ነው። ዓይናቸው ስለደከመ በጣታቸው ይዳስሱታል።

"ይኼ የፕሪም አበባ ነው" ይሉኛል። "ብርዱ እስኪያልፍ አይጠብቅም፣ በረዶ ላይ ያብባል። ጽናት ማለት ነው። ይኼ ብዙ ቅጠል ያለው ደግሞ ክሪሳንተመም፤ ረጅም ዕድሜ።"

አንድ ሐሙስ እሳቸው ተኝተው ሳለ ላስደስታቸው ብዬ ተነሣሁ። ከባርቤኪው ምድጃው አመድ ዘገንኩ፣ ሎሚ ቆረጥኩ፣ ያንን ጥቁር ጀርባ ፈተግኩት። አበቦቹ ቦግ አሉ። በሥራዬ ረክቼ ስልኬን ከፈትኩና ስለ እንዲህ ያለ መስታወት ማንበብ ጀመርኩ። የሚወለወለው ፊቱ ብቻ ነው ይላል፤ የጀርባው ጥቁረት ዕድሜው ስለሆነ አይነካም። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ።

እማማ ሲነቁ እንደ ልማዳቸው ዳሰሱት። ቅርጹ ያው ነውና ምንም አላወቁም።

"ሎሚ ሸተተኝ" አሉ።

"ሻይ ላፈላልዎት ነው" አልኩ። ዋሸሁ።

እሑድ ልጃቸው እዚሁ አቅራቢያችን ካለው ፍሪስኮ ከተማ ትመጣለች፤ እሷ ደግሞ ዓይን አላት። ማታ ለባሌ ነገርኩት።

"ሶ፣ ምን ችግር አለው?" አለኝ። "ልጅቷ ከጠየቀች ክሊን አደረግኩት በያት፣ ኦኬ? ለሴትዮዋ ግን ዝም በይ። ማለቴ፣ ጆብሽን እንዳታጪ።"

ሥራውን እኔም እፈልገዋለሁ። ግን የማያይ ሰው መዋሸት አንጀቴ እምቢ አለ። ካባረሩኝም እውነቱን ተናግሬ ይሁን ብዬ ቆረጥኩ።

"እማማ፣ ትናንት የሸተተዎት ሎሚ የሻይ አልነበረም" አልኳቸው በማግስቱ፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ጀርባውን እንደገና ዳሰሱት። "ያ ጥቁር የእናቴ እጅ ነበር" አሉ። "የእናቷም እጅ።"

እንባዬ መጣ። "እንግዲህ ልሂድ?" አልኩ።

"ወዴት ነው የምትሄጂው? ያጠፋሽውን ማን ሊመልስ ነው?" መስታወቱን እጄ ላይ አስቀመጡት። "ከሰው እጅ የመጣ ጥቁረት ነው፣ ከሰው እጅ ይመለሳል። የሥራ ጓንትሽን አውልቂና በየቀኑ ያዢው።"

እሑድ ልጃቸው አይታ ጮኸች፤ ሌላ ሠራተኛ ይምጣ አለች። እማማ ንቅንቅ አላሉም። "ሥራ አለባት" ብለው ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ቁርሳቸውን ካበላኋቸው በኋላ ጓንቴን አወልቃለሁ፤ እሳቸው ሬዲዮ ሲሰሙ እኔ መስታወቱን በባዶ እጄ አሻሻለሁ። ክረምቱ አለፈ፣ የቴክሳስ ሙቀትም መጣ። ባሌ "ዛሬስ ጠቆረ ወይ?" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እልኸኛ መሆኔን እያወቀ ነው ያገባኝ።

ባለፈው ሳምንት ክሪሳንተመሙ ሥር ቡናማ ጥላ አየሁ። መስኮት ዳር ወስጄ ደግሜ አየሁት፤ እውነት ነው። የእማማን ጣት ይዤ ቦታው ላይ አሳረፍኩት።

"እዚህ ጋ ጠቁሯል" አልኳቸው።

"የማን እጅ ነው?"

"የኔ።"

ጣታቸውን ሳያነሱ፣ "ከእናቴ ቀጥሎ ያንቺ ሆነ ማለት ነው" አሉ። "ፕሪሙስ?"

"እሱ ገና ነው።"

"እንግዲያው ነገም ነይ" አሉኝ።