ለእኔ ብቻ የተመረጠ

ሱቆች በስልክ መገበያያ መተግበሪያቸው ላይ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚስማማውን ዕቃ መርጠው የሚያሳዩበት ፕሮግራም እሠራለሁ። ነገሌ ቦረና ውስጥ ልብስ የሚነግዱትን አዴ ሐሊማን ግን ማሳመን አቃተኝ።

«ከአንዱ ደብቄ ለሌላው ላሳይ? ነውር ነው!» አሉኝ።

«መደበቅ አይደለም አዴ፤ የሚያስፈልገውን ማስቀደም ነው።»

«ያ ረቢ! የሚያስፈልገውን እኔ በምን አውቄ?»

ከጠዋት ጀምሮ ስለፈልፍ ጉሮሮዬ ደረቀ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ቦርሳዬን ሳነሳ፣ «ቆይ፣ አሁን ገባኝ» አሉና ፕሮግራሙን ላሳያቸው የከፈትኩትን ኮምፒውተር ነካኩ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። መተግበሪያውን ስከፍተው ከላይ እስከ ታች ካልሲ ብቻ ነው።

«ምንድነው ይሄ አዴ?»

አንገታቸውን ደፉ። «ምንጣፉ ላይ ጫማህን ካወለቅክ ጀምሮ በአፌ ልነግርህ አፍሬ ነበር።»