የቆቦ ስም አልጋ ሲከራይበት

ኢንተርኔት ላይ ቆቦን የፈለገ ሰው የወንድሜን አልጋዎች ያገኝ ነበር። እኔ ይህን ያወቅሁት ሰው በተሰበሰበበት ነው። የከተማው ነዋሪዎች ኮሚቴ አቋቁመን፣ በከተማችን ስም አንድ የኢንተርኔት አድራሻ እንያዝ፣ የገበያ ዋጋ፣ የእድር ጥሪ፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያና የጎርፍ ወሬ ይውጣበት ተባብለን ነበር። ኮምፒዩተር የማስተምረው እኔ ስለሆንኩ ሞካሪዋም እኔው ሆንኩ። የከተማዋን ስም ጻፍኩና ስክሪኑን ወደ ሰዎቹ አዞርኩት። ባለ አበባ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ ብቅ አለ። ከአልጋው አጠገብ ታላቅ ወንድሜ ክራባት አስሮ ቆሞ ይስቃል።

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ወንድሜ ዋናው መንገድ ዳር ሆቴል እንዳለው አገር ያውቃል፤ የከተማውን ስም ለሆቴሉ መያዙን ግን እኔም አላውቅም ነበር። አላውቅም ብል ደግሞ ማን ያምነኛል? ሰዎቹ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እኔን አዩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮሚቴው ሄዶ ለመነው፤ "ቀድሜ ይዣለሁ" ብሎ መለሳቸው። ስለዚህ ሽማግሌ ተጠራ። ነገሩ የከፋው እዚህ ላይ ነው፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባታችን ነው። አባቴ የውሃ አባት ነው። ደጋ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ወደ ሜዳችን ሲወርድ፣ ማን መቼ ማሽላውን እንደሚያጠጣ የሚወስነው እሱ ነው። የላይኛው ማሳ ከጠጣ በኋላ ቦዩን ለታችኛው ይለቃል፤ አለቅም ያለ አባቴ ፊት ይቀርባል። ዕድሜውን ሙሉ ከዳኞች ወገን ነው የተቀመጠው።

ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ወንበር ተደረደረ። ባገራችን ልማድ፣ ዘመዱ የተከሰሰበት ሽማግሌ አይዳኝም። አባቴ ከሽማግሌዎቹ መሀል ብድግ አለ፣ ጋቢውን ሰበሰበ፣ ማዶ ተሻግሮ ከወንድሜ ጎን ተቀመጠ። ወንድሜ ተሽቀዳድሞ ለስላሳ አስመጣለት፤ አባቴ አልነካውም። እኔ ዐይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

"ስሙን ከማን ተቀበልህ?" አሉት ሰብሳቢው ሽማግሌ።

"ከማንም። ማንም አልያዘውም ነበር፤ ቀድሜ ደረስኩ።"

"የላይኛው ማሳም እኮ ጎርፉ ቀድሞ ይደርሰዋል።"

"አባባ፣ ይሄ ጎርፍ አይደለም፤ ኢንተርኔት ነው። በሕግ ነው የያዝኩት።"

"እኛ መች ሰረቅህ አልን? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ነበር የምንሰማ፤ የኛ ስም ግን ካልጋ በታች ዋለ።"

ሰው ሳቀ። ወንድሜም ሊስቅ ሞከረ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ።

"አንች ልጄ፣ ለሁለት አይሆንም ወይ? እሱም አልጋውን ያከራይበት፣ አገሩም ጉዳዩን ያውጣበት?"

ወንድሜ አየኝ። ኮሌጅ ስማር ያኖረኝ እሱ ነው። "አድራሻው ላይ አዛዡ ያስመዘገበው ሰው ነው" አልኩ፤ "ሌላውን የፈለገ ቀን ያስወጣዋል። ለሆቴሉ የሆቴሉን ስም ቢይዝ ግን ምንም አይጎድልበትም።"

ወንድሜ አባታችንን በጎን አየና "ይሁን፣ ለቅቄያለሁ" አለ። አባቴ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ ወንድሜ ሌላ መልስ ሊሰጥ አይችልም ነበር።

ሽማግሌዎቹ መረቁት። የቦታ ስም ለነጋዴ እንዳይሆን፣ የጎረቤት ከተሞቹ የጎብዬና የዋጃም ስም ሌላ ሳይቀድም ለየሕዝባቸው እንዲያዝ ተስማሙ። "እንግዲህ የኛን ማን ይጠብቀው?" ሲባል ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። እውነቱን ስለተናገርኩ ከሀፍረቴ የወጣሁ መሰለኝ።

አባቴ አፉን የከፈተው ያን ጊዜ ነው። "ከኔ ቤት አይሁን" አለ።

"ልጅቱ ምን አጠፋች?"

"ምንም። ግን ከኔ ቤት አይሁን።"

ወደ ቤት ስንሄድ አላስቻለኝም። "አባዬ፣ እኔ ምን በደልኩ?" አልኩት።

"አንች አልበደልሽም" አለኝ ሳያየኝ። "ነገ ቦዩን ልቀቁ ስል ሰው እንዲሰማኝ ነው።"

ጥበቃው ፋርማሲ ላለው ጎረቤታችን ተሰጠ። ሰውየው ደግ ነው፤ ኮምፒዩተር ላይ ግን እጁ ገና አልተፍታታም። አድራሻው እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚታደስ፣ ሁሉንም እኔው አሳየሁት። የይለፍ ቃል ማስገቢያው ላይ ስንደርስ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳና ላብ አጠመቀው።

"እህቴ፣ አትቀየሚኝ፤ ኮሚቴው ብሎኝ ነው። እስኪ ፊትሽን አዙሪልኝ።"

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ ሲነካ ይሰማኛል።

"ጨረስክ?" አልኩት።

"ገና ነኝ" አለኝ።