ለጋሽ ፍሬቻ የሚሆን ጌም

ልብስ ሰፊዋ ልባሽ ጨርቅ ስትገዛ ፊቱን አታይም። ቦንዳ ተፈቶ ሴቶቹ ሁሉ ከላይ ያለውን፣ ቀለሙ ደመቅ ያለውን ሲሻሙ እሷ ጎንበስ ብላ ከሥር አንዱን ትስባለች፤ ገልብጣ ብብቱን ታያለች፤ አውራ ጣቷን በስፌቱ ላይ እያስኬደች ክሩን ጎተት ታደርጋለች። «ፊትማ ለፎቶ ነው» ትላለች። «ልብስ የሚያልቀው ከብብቱ ነው።» እንዲህ የመረጠችውን አጥባ፣ አጥብባ ወይም አስረዝማ፣ ቁልፉን ቀይራ፣ መንገድ ዳር ባለችው ጠባብ ክፍሏ ትሰቅለዋለች። ከእሷ ዘንድ የተገዛ ኮት ለልጅ ይተላለፋል ይባላል።

ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነበር። ሰፈሩ «ጋሽ ፍሬቻ» የሚለው፣ ምድረ በዳ መካከል፣ ከፊትም ከኋላም ዝንብ እንኳ በሌለበት፣ ሊታጠፍ ሲል ፍሬቻ ያሳያል ስለሚባል ነው። ሲጠየቅም አይክድም። «መንገዱ ያየኛል» ይላል።

ይህ ሰው አንድ ቀን ከጭነት መኪናው ሲወርድ ዞሮበት ወደቀ። ሐኪሙ መረመረውና፣ ልቡ አልፎ አልፎ ምቷን እየሳተች ራሱን ልታስተው እንደምትችል ነገረው። «ከእንግዲህ መሪ አይያዙም» አለው። «ለራስዎ ባያዝኑ ከፊት ለሚመጣው ሰው ይዘኑ።» ጋሽ ፍሬቻ ቁልፉን ለባለመኪናው አስረክቦ ቤት ገባ። የገባው ግን ገላው ብቻ ነው። ጠዋት ተነስቶ ይለብሳል፣ ጫማውን ጥብቅ አድርጎ ያስራል፣ ከዚያ መስኮቱ ሥር ይቀመጥና የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ይለያል። «ማርሹን በግድ አስገባው፣ ጨካኝ» ይላል። ከዚህ ሌላ ወሬ የለውም።

ይባስ ብሎ ባለመኪናው መደወል ጀመረ። አዲሱ ሾፌር አላረካውም። «አንዴ ብቻ፣ ደርሶ መልስ» ይለዋል። ጋሽ ፍሬቻም «እስቲ ላስብበት» ብሎ ይዘጋል። ሰፊዋ ባሏን ታውቀዋለች፤ «ተው» ካሉት ነገ ማለዳ ይነሳል። ስለዚህ «ተው» አላለችም። ቤት የሚይዘው ነገር ፍለጋ ገባች።

ቢሮ የምትሠራው ልጃቸው ልትጠይቃቸው ስትመጣ አሮጌ ኮምፒውተሯንና ጆይስቲክ የሚሉትን የጌም መንጃ እጀታ ሁለቱን ታቅፋ መጣች።

«እማ፣ እዚህ ውስጥ የጌም መደብር አለ። ለአባዬ የሚሆን ነገር ፈልጊለት።»

«ብዙ ነው?»

«ዕድሜሽን ሙሉ ብታዪው አያልቅም።»

«ቦንዳ ነዋ።»

«ቦንዳ ነው። ግን አብዛኛው ቡትቶ ነው፤ ጥሩውን ማግኘት ነው ጣጣው።» ልጅቷ የባዕዱን ጽሑፍ ወደ ራሳቸው ቋንቋ የሚመልስላትንም ነገር አበጅታላት ሄደች።

ሰው በማያውቀው ገበያ ልማዱን ይረሳል። ሰፊዋም መደብሩን ስትከፍት የመጀመሪያው ገጽ ዓይኗን አጭበረበረው፤ እሳት የሚተፋ፣ ሰይፍ የሚመዝ፣ በሰማይ የሚበር። ከመሀል አንድ ቀይ መኪና ሲያብረቀርቅ አየችና ሳትገለብጥ ወሰደችው። የመኪና ውድድር ነበር።

ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ሥራ ሲፈታ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ ሊያይ ገባ። ጋሽ ፍሬቻ ጆይስቲኩን ጨብጦ ወገቡን አቃና። ፊሽካው ሲነፋ መኪኖቹ ሁሉ እንደ ተለኮሰ ርችት ተፈተለኩ። እሱ አልተንቀሳቀሰም።

«ስፖኪዮው የታለ?» አለ የኋላ ማሳያ መስታወቱን እየፈለገ።

«ጋሼ፣ ውድድር ነው እኮ። ነዳጅ ይስጡት።»

«በዚህ ኩርባ?»

«ሌሎቹ ሁለተኛ ዙር ገቡ።»

«ይግቡ። ሲገለበጡ እንጠይቃቸዋለን።» መስቀለኛው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከቀኝ የሚመጡትን አሳለፈ። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን አፉ ውስጥ ከትቶ ግድግዳ ተደገፈ። ጋሽ ፍሬቻ መጨረሻ ወጥቶ ራሱም ፈገግ አለ፤ ከዚያ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይሄ መሸሽ እንጂ መንዳት አይደለም።»

ሰፊዋ ተስፋ አልቆረጠችም። በሁለተኛው ዙር ኮከቡ የበዛውን፣ ሰው ሁሉ ያመሰገነውን የጭነት መኪና ጌም አመጣችለት። ይኸኛው ስፖኪዮ አለው፣ ተሳቢ አለው፣ ፍሬቻ አለው። ባሏ ነዳ፤ ተሳቢውን ወደ ኋላ አስገብቶ እንደ ቁልፍ በቁልፍ ቤቱ አቆመው። አገኘሁት ስትል ፊቱን አየችው። ፊቱ ወደ መስኮቱ ዞሯል። በማግስቱ ባለመኪናው ሲደውል ባሏ «ምናልባት በሚቀጥለው ሳምንት» ሲል ሰማችው።

መርፌው ጣቷን ወጋት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው። ቤት ይያዘው ያለችው ነገር እየገፋ ሊያስወጣው ነው።

«ምን ጎደለው?» አለችው ምሳ ላይ፣ ጨርቅ እንደምትመርጥ ያህል ቀለል አድርጋ።

«ምንም። መኪናው ልክ ነው፣ መንገዱም ልክ ነው።» የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና «ጎኔ ባዶ ነው» አለ። «ረዳት የለውም። እንቅልፍ ሲመጣብኝ የሚያወራኝ የለም። ወርዶ ከኋላ ‘ና፣ ና፣ ና፣ በቃ’ የሚለኝ የለም። የኔ ረዳት አሁን ከዚያ ከአዲሱ ጋር ነው።»

ሰፊዋ ሳህኑን አነሳች። መንገዱን መስሏት ነበር የናፈቀው።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀመጠችና አሁን እንደ ልማዷ ጀመረች። ሥዕሉን ተወችው፣ ኮከቡን ተወችው። ከየጌሙ ሥር የተከፉ ገዢዎች የጻፉትን ብቻ ማንበብ ያዘች፤ የተከፋ ሰው የጌሙን ብብት ነው የሚያሳየው። አንዱ ጌም ላይ «በየደረጃው ሌላ ግዛ ይለኛል» የሚል እሮሮ አየች። ይሄ ክሩን ሲስቡት የሚተረተር ነው፤ ዘጋችው። ሌላው ላይ «ሦስት ጊዜ ከጀመርኩበት መለሰኝ፣ ደሜን አፈላው» ይላል። ለልብ ሕመምተኛ አይሆንም፤ ዘጋችው። ሌላ። ሌላ። ኮምፒውተሩ አንዳንዱን ወደ ቋንቋዋ ሲመልሰው «ይህ ጨዋታ የሞተ ዶሮ ነው» እያለ ብቻዋን ያስቃታል።

ከሥር፣ ከብዙ ሥር፣ ሥዕሉ እንደ ታጠበ ካኪ የደበዘዘ አንድ ጌም አገኘች። አሮጌ ጀልባ ናት፤ በወንዝ ላይ ከመንደር ወደ መንደር ጆንያ ታመላልሳለች። የተከፉት እንዲህ ጽፈዋል፦ «ቀርፋፋ ነው።» ጥሩ። «ጠላት የለበትም።» ጥሩ። «አንዱ መሪ ይይዛል፤ ድንጋዩን የሚያየው ግን ከፊት የሚቆመው ሌላው ሰው ነው። ካልተነጋገሩ አይሆንም። እኔ ሰው የለኝም፤ ምን ላድርገው?»

ሰፊዋ ይህን ሁለቴ አነበበችው። «ምስኪን» አለች፣ የት እንዳለ ለማታውቀው ለዚያ ሰው። ከዚያ ጌሙን ወሰደች።

«ጀልባ?» አለ ጋሽ ፍሬቻ። «እኔ እኮ ዋና አልችልም።»

«ጀልባዋ ትችላለች» አለችና ሁለተኛውን ጆይስቲክ ይዛ በጎኑ ተቀመጠች። በዕድሜዋ ጌም ነክታ አታውቅም። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሏል፤ ወንዙ በእሱ በኩል ጭጋግ ነው፤ በእሷ በኩል ድንጋዩ ሁሉ ይታያል፤ መሪ የያዘ ደግሞ ወደ ጎን አያይም።

«ግራ» አለች።

«ምን ያህል ግራ?»

«ግራ ነዋ!»

ጀልባዋ ተጋጨች። ጆንያዎቹ ወንዙ ላይ ተንሳፈፉ።

«ሴትዮ፣ ረዳት እንዲህ አይናገርም። ‘ትንሽ ግራ፣ ያዝ፣ በቃ’ ነው የሚባለው። ቤት የሚያህል ድንጋይ አላየሽም?»

«ስትጮህብኝ አይታየኝም።»

እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ተጋጩ። ሰፊዋ ‘ትንሽ’ የሚባለው ነገር አይገባትም፤ በሥራዋ ትንሽ የሚባል ልክ የለም። በመጨረሻ አፏ የለመደውን አወጣ። «ሁለት ጣት ግራ» አለች። «አሁን ስንዝር ቀኝ። አዎ። ጠርዙን ይዘህ ሂድ፣ ጠርዙን ይዘህ… በቃ።»

ጀልባዋ በሁለት አለት መካከል እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ አለፈች። ጋሽ ፍሬቻ መሪውን አቃና። ውሃው ሲሰፋም፣ ጆይስቲኩን ሳይለቅ፣ አንድ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ስላለው ስለ አንድ ቀን ማውራት ጀመረ። ሰፊዋ ይህን ወሬ ሰምታው አታውቅም። ለካ ባሏ ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጣ አታውቅም፤ ባለመኪናው ሰው መጫን ይከለክል ነበር። ይህ ሁሉ ወሬ ጋቢና ውስጥ ቀርቶ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ሰፊዋ ከሰዓት በኋላ በሯን ገርበብ ታደርጋለች። ደንበኛ ሲመጣ ፀጉር አስተካካዩ ከደጁ ሆኖ «ወንዝ ላይ ናቸው፤ ትንሽ ይጠብቁ» ይላል። ባሏ ጀልባዋ ጎን ላይ ፋኖስ አግኝቷል፤ ሊታጠፍ ሲል ያበራዋል።

«በዚህ ባዶ ውሃ ማን ያየናል?» አለችው።

«ወንዙ ያየናል።»

ባሏ ለባለመኪናው ያለው ሳምንት ደረሰና ስልኩ ጠራ። ጠባቡ ሸለቆ ውስጥ ነበሩ። ጋሽ ፍሬቻ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ሰካው። ሰፊዋ ዓይኗን ከድንጋዩ አላነሳችም፤ ጆሮዋ ግን ስልኩ ላይ ነበር።

«አቤት፣ አለቃ… አይ፣ አልመጣም። ሌላ ሰው ይፈልጉ።» አዳመጠ። «ልቤስ ደህና ነው። ሐኪሙ ያለውን ግን መስማት አለብኝ። ደግሞ አሁን ጭነት ላይ ነኝ… የማን? የራሴ። ረዳቴ ደግሞ ኃይለኛ ናት፣ አትለቀኝም።»

ስልኩ ከትከሻው ተንሸራቶ ጭኑ ላይ ወደቀ። አላነሳውም።

«ሦስት ጣት ቀኝ» አለች ሰፊዋ።

ፋኖሱን አበራና ታጠፈ።