አሥራ አንድ ላይክ

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እኔ ግን ፈርቼ ለአባቴ አልሆንኩም።

ነገሩ የጀመረው በውሃ ነው። በምንኖርበት የላፍቶ ኮንዶሚኒየም ውሃ ሁለት ሳምንት ጠፋና በገጼ ላይ «የላፍቶ ውሃ እንደ ክፉ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ አይናገር፣ ሲሄድ አይሰናበት» ብዬ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ሰው ላይክ አደረገልኝ። አንዷ ሚስቴ ናት፣ ያውም አጠገቤ ተቀምጣ። በዚያው አካውንት ፊደል ያልቆጠረው አባቴ እስኪሞት ድረስ በየጠዋቱ እየመረቀ የላከልኝ የድምፅ መልእክት ሁሉ ነበር።

በማግስቱ ከሀይሌ ጋርመንት በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ መንግሥታት የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚዎችን መረጃ ከኩባንያዎቹ እንደሚጠይቁ ሬዲዮው አወራ። የትኛው መንግሥት፣ ስለ ማን እንደሚጠይቅ እንኳ ሳልሰማ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ። ቤቴ ገና ሁለት ፌርማታ ይቀረው ነበር። በእግሬ እየሄድኩ የጻፍኳትን በመርማሪ ዓይን አነበብኳት። ክፉ እንግዳ ያልከው ማንን ነው ብዬም ራሴን መረመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ደብተር ይዘው አንኳኩ። ስም፣ የቤት ቁጥርና ስልክ ፈለጉ፤ ወረዳው ጠይቆ ነው አሉ። ስልኬ ተበላሽቷል አልኳቸው። ይህን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ጨዋ ሰው ናቸውና ያልሰሙ መስለው ወደ ጎረቤት አለፉ።

በሩን እንደዘጋሁ አካውንቴን አጠፋሁት። ሐሳብህን ከቀየርክ በሠላሳ ቀን ውስጥ ተመለስ ይላል። ብመለስ መመለሴ ይታያል ብዬ ሠላሳውንም ቀን ተደበቅሁ። ሚስቴ «ኧረ ማን ይፈልግሃል? እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ደውዬ ነው የማገኝህ» አለችኝ።

የሰብሳቢው መዝገብ ለካ የውሃ ቦቴ ሲመጣ ነዋሪውን በስልክ ለመጥራት ኖሯል። ጎረቤቶቻችን መልእክት ደርሷቸው ሲቀዱ፣ እኛ ባዶ ጀሪካን ይዘን የምንወርደው ቦቴው ሲሄድ ነበር። እስካሁን ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ እህቴ ከሆሳዕና መጣች። አባታችን ከሞተ በኋላ ስልኩ ስለተሸጠ ድምፁ የቀረው እኔ ጋ ብቻ መሆኑን ታውቃለች። «እስቲ የአባባን ምርቃት አሰማኝ» አለች። ስልኬን አወጣሁ፣ መፈለግም ጀመርኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። እሷ ፊት አለቀስኩ።

መረጃዬን ስጡኝ ብዬ ለኩባንያው የጻፍኩት እኔው ሆንኩ። በዚህ ስም የተቀመጠ ነገር የለም አሉኝ።

አሁን የምጸልየው ያኔ የፈራሁት እውነት እንዲሆን ነው። አንድ ቢሮ ፋይሌን ጠይቆ ወስዶት ከሆነ መታወቂያዬን ይዤ ሄጄ እሰለፋለሁ። ስለ ውሃ የጻፍኩትን ያስቀሩት። አንድ ጠዋት ብቻ፣ አባቴን ያሰሙኝ።