እህቴና እጮኛዋ እንደታሰሩ በባጃጅ ሆስፒታል የሄዱበት ቀን

ሠርጉ ሊሆን ነው! ቀኑ ትናንት ተቆረጠ። ታላቅ እህቴ ሰላም ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ እዚሁ ደብረ ታቦር ታገባለች። ከደስታዬ ብዛት ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የአማርኛ አስተማሪያችን «አንቺማ ጻፊ፣ ትችያለሽ» ካለችኝ ወዲህ ደግሞ እጄ አላርፍ ብሏል።

ገጠመኙ የደረሰው ዘንድሮ ጥር መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ከአእምሮዬ የማይጠፋው ያን ቀን ደም ያፈሰሰው የምንወደው ሰው ስለሆነ ነው።

የእህቴ እጮኛ ሮሪ ይባላል። አገሩ ስኮትላንድ ነው። እኛ ከተማ የመጣው የድንች በሽታ ሊያጠና ሲሆን፣ እህቴም የተዋወቀችው በዚሁ ሥራ ላይ ነው። አባታችን በሕይወት የለም። ሰላምን የሚድሯት የእማዬ ታላቅ ወንድም አያ ደምሌ ናቸው። ገሳይ አካባቢ ያርሳሉ፤ እኛንም እንደ አባት አሳድገውናል። እህቴ «አያ ደምሌ ካልመረቁኝ አላገባም» ብላ ቁርጡን ተናግራ ነበር። እሳቸውም የሮሪን ሽማግሌዎች ተቀብለው «ፈረንጅም ቢሆን ሰው ከሆነ ይበቃኛል» አሉ። ሮሪን ግን በአካል አላዩትም። በእኛ ወግ ሽማግሌ ይላካል እንጂ ሙሽራው አብሮ አይሄድማ።

ሠርጉ ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በእነሱ ወግ እንዲሆን ተስማማን። የእነሱን ወገን ዝግጅት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የሮሪ እናት ከአገሯ ትልቅ ካርቶን ላከች። ስንከፍተው መጀመሪያ የወጣው ቀይና አረንጓዴ ካሬ ያለው ሽንሽን ጉርድ ቀሚስ ነው።

«ለሰላም ነው?» አለች እማዬ።

«ለእኔ ነው» አለ ሮሪ።

«ወይ ጉዴ! ታዲያ ሙሽራዋ ማንኛችሁ ናችሁ?»

በሳቅ ፈረስን። ከዚያ ረጅም ካልሲ ወጣ፤ ካልሲው ውስጥ የምትሸጎጥ ትንሽ ጩቤም ወጣች። እነሱ ዘንድ እጀታዋ ከካልሲው በላይ ብቅ ማለት አለበት፤ ደብቄ አልገባሁም ለማለት ነው አሉ። ለሙሽራ ገድ ነው ተብሎ የሚሰጥ የፈረስ ጫማ ብረትም ነበረበት። እማዬ ብረቱን እያገላበጠች «እኛ የምንድረው ሙሽራ፣ እነሱ የላኩት ለፈረስ!» አለች።

በመጨረሻ የወጣው እንደ ቀሚሱ ካሬ ያለው ረጅም መቀነት ነው። በእነሱ ወግ ሙሽሮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው በመቀነቱ ይታሰራሉ። ቃል ኪዳናቸው እሱ ነው። በጣም ደስ አለኝና «ዛሬውኑ እንለማመደው!» አልኩ።

ሮሪ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ግቢያችን መሀል ቆመ። ሰላምም ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። መቀነቱን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ቋጠሮውን ሰላም በግራ እጇና በጥርሷ ስባ አጠበቀችው። እማዬ ዱካ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ደስ ሲላት እንዲያ ናት።

በዚህ መሀል የግቢው በር ተከፈተ። አያ ደምሌ የሠርግ በግ እየጎተቱ፣ ሽመላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ገቡ። እንደሚመጡ አልነገሩንም ነበር። ቆሙ። እህታቸው ታለቅሳለች፤ ልጃቸው እጇን ታስራለች፤ አሳሪው ባቱ ላይ ጩቤ ሸጉጧል።

«አንተ! ገና ሳልድርልህ ልጄን በቁራኛ ታስራታለህ?» ብለው ጮኹ።

ቁራኛን የማያውቅ ካለ ልንገራችሁ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ፣ እየተጎታተቱ ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። የአያ ደምሌ አያት እንደዚያ ታስረው ከሄዱ በኋላ አልተመለሱም። ቤታችን ውስጥ ይህ ነገር ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

የሮሪ አማርኛ ገና ነው። ሽማግሌውን ሲያይ ደስ ብሎት ሳቀና የታሰረ እጃቸውን ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

ሽመሉ ወረደ።

የሮሪ ክንድ ሲሰበር ሰማሁት። ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚለው ነው። ሲወድቅ ሰላምን ይዟት ወደቀ፤ ታስረዋላ! ግንባሯ ድንጋይ መታው። ደሙ በቅንድቧ ወርዶ ነጩ ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ። አያ ደምሌ ደሟን ሲያዩ ይባስ አበዱ። ሁለተኛው ዱላ የሮሪን ጀርባ፣ ሦስተኛው ጎኑን አገኘው። እሱ አልተከላከለም፤ እህቴ ላይ ተደፍቶ ሸፈናት። እሳቸው ደግሞ አንቆ ሊገድላት መሰላቸው።

«ወንድምዓለም! ኧረ በእመብርሃን!» ትላለች እማዬ። ሰሚ ስታጣ ያንን የፈረስ ብረት አንስታ ጀርባቸውን አለቻቸው። ወይ ፍንክች! ጎረቤቶች በጩኸቱ እየሮጡ ገቡ።

«ሌባ ነው!» አለ አንዱ።

«ቀሚስ የለበሰ ሌባ የት አገር አለ?» አለ ሌላው። ይህን እያለም ድንጋይ አነሳ፤ ሮሪን ትከሻው ላይ አገኘው።

ያኔ ጩቤዋ ከካልሲው ሾልካ መሬት ወደቀች። አያ ደምሌ ሽመላቸውን ጥለው ጩቤዋን አፈፍ አደረጓት። እጃቸው ወደ ላይ ሲነሳ አየሁ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ዘልዬ እጃቸው ላይ ተንጠለጠልኩና ነከስኋቸው። ጥርሴ አጥንት እስኪነካ ድረስ ነከስኋቸው። አፌን ደም ደም አለኝ። ጩቤዋ ወደቀች። በሌላው እጃቸው በጥፊ ሲያጮሉኝ ግን አጥሩ ሥር ሄጄ ተዘረጋሁ። ጆሮዬ እስከ ማግስቱ ይጮህ ነበር።

ሰላም ከሮሪ ሥር ሆና «አያ ደምሌ! የቋጠርኩት እኔ ነኝ! ወድጄ ነው የታሰርኩት!» አለች።

በጉ ብቻ ይጮሃል።

አያ ደምሌ ተንበርክከው ቋጠሮውን ሊፈቱ ሞከሩ። ከንክሻዬ የሚወርደው ደም ጣታቸውን አሟለጨው፤ አልቻሉም። ሲወድቁ ተስቦ ይበልጥ ጠብቆ ነበር። ከጎረቤቶቹ አንዱ «በጩቤዋ ይቆረጥ» ሲል ሮሪ በዚያ ሁሉ ሕመም መሀል «አይቆረጥም!» አለ። እህቴም «አይቆረጥም» አለች። ስለዚህ እንደታሰሩ ባጃጅ ውስጥ አስገባናቸው።

ሾፌሩ በመስታወቱ ያያቸዋል። «ይቅርታ፣ ሙሽሮች ናችሁ እስረኞች?»

«ንዳ ዝም ብለህ!» አለችው እማዬ።

ሆስፒታል ቋጠሮውን በመርፌ ጫፍ እየነቀሰች በትዕግሥት የፈታችው አንዲት ነርስ ናት። ፖሊስ ተጠርቶ መጣና ሮሪን «ማን መታህ?» አለው።

«ወደቅሁ» አለ ሮሪ።

አያ ደምሌ በእግራቸው ተከትለውን ደርሰው በሩ ላይ ቆመው ነበር። «አልወደቀም» አሉ። «የመታሁት እኔ ነኝ። ውሰዱኝ።»

ወሰዷቸው። ሮሪ አልከስም ስላለ ተለቀቁ። ግን ቤታችን አልመጡም። ገሳይ ገብተው ቀሩ። እናቴ ሰው ብትልክ «በምን ፊቴ?» ብለው መለሱ። ሰላምም ያለ እሳቸው አላገባም አለች፤ ሮሪም ልክ ነሽ አላት። ሠርጉ ቀረ። ካርቶኑን አልጋ ሥር ከተትነው። እህቴ ግንባሯ ላይ የተሰፋውን እየነካካች ስታለቅስ እሰማት ነበር።

ትናንት ጠዋት በር ተንኳኳ። ሽማግሌዎች ናቸው። ከኋላቸው አያ ደምሌ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ጎንበስ ብለው ቆመዋል። በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው። ተበዳዩ «ለእግዜር ብዬ ይቅር ብያለሁ» እስኪል ድረስ ድንጋዩ አይወርድም።

ሮሪ ይህን ከየት ይወቀው? ሽማግሌ ሰው ድንጋይ ከብዶት ሲያይ ሮጠ። አንዱ ክንዱ እንደሆነ ጀሶ ውስጥ ነው። በደህናው እጁ ድንጋዩን ከአንገታቸው አወረደና ደረቱ ላይ አቅፎ «የት ላስቀምጠው?» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እንዲህ ያለ ምሕረት አይቼ አላውቅም» አሉ አንደኛው። «ሳይለመን ማረ!»

አያ ደምሌ እግሩን ሊስሙ ሲደፉ ሮሪ ደነገጠና ድንጋዩን ለቀቀው፤ በገዛ ጣቱ ላይ! እማዬ «ዛሬ ደግሞ እግሩን!» ብላ ራሷን ያዘች። ከዚያ ማን እንደሳቀ ማን እንዳለቀሰ አልለየሁም። ምርቃቱ እዚያው ሆነ። መቀነቱንም በሠርጉ ቀን «እኔ ልሰር» ብለው የለመኑት አያ ደምሌ ናቸው።

እውነቱን ልናገር፤ ዛሬም እንጨት ሲሰበር ስሰማ ጆሮዬን እደፍናለሁ። የሚወዱን ሰዎች እንዲህ መምታት እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። አያ ደምሌን እወዳቸዋለሁ፤ ስለ ጥፊው ግን ገና እያሰብኩበት ነው። እሳቸው ትናንት የጥርሴን ጠባሳ ለሽማግሌዎቹ እያሳዩ «ይቺ ነብር!» ሲሉ ግን ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል።

እናንተም ኑልን። ደብረ ታቦር ስትደርሱ «ቀሚስ የሚለብሰው ሙሽራ ቤት» ካላችሁ የማያደርሳችሁ ባጃጅ የለም። ዱላ የያዘ ሰው ግን በር ላይ ያስረክባል። ተረካቢዋ እኔ ነኝ።