የፈላ ውሃ ምክር

ሰፈሩ ሁሉ «ሽቦ» ይለዋል። ቧንቧ ተደፈነ ተብሎ ሲጠራ ትከሻው ላይ ጠቅልሎ በሚመጣው ረጅም ሽቦ የተነሣ ነው፤ ሚስቱ እንኳን ካልተቆጣች በስሙ አትጠራውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ጓዳ ተንበርክኮ ኖሯል። ከቧንቧ የወጣውን ነገር ሌላው አፍንጫውን ይዞ ሲሸሸው፣ እሱ በሁለት ጣቱ ፈተግ ያደርገውና «የዶሮ ስብ ነው፤ ሳምንትም አልሞላው» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም ይባላል። እሱም ሳያምን አልቀረም።

የዚያን ቀን ያስጠሩት ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። የእቃ ማጠቢያቸው ገንዳ በሁለት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ገንፍሎ ወለሉን አጥለቅልቆታል። ልጃቸው ውሃውን ጠርጋ ስትጨርስ ሳህኖቹን ካርቶን ውስጥ መክተት ጀመረች።

«በቃ እማዬ፣ እኔ ጋ ትገቢያለሽ። ዘይት ትደፊና ትረሺዋለሽ።»

«አልደፋሁም።»

«ባለፈውም እንዲሁ ነው ያልሽኝ።»

አሮጊቷ ሽቦን አዩትና ዝቅ ባለ ድምፅ «ደፍቼ ይሆን እንዴ?» አሉ። አንድ ጊዜ፣ የትኛው መጽሐፍ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚናገሩ ሴት ነበሩ።

ሽቦ ሽቦውን ወደ ውስጥ ሰደደው። የሁሉም ፎቅ ፍሳሽ በአንድ ቧንቧ ወርዶ የሚታጠፈው በእሳቸው ወለል ሥር ነው፤ ሽቦው እዚያ ሲደርስ አንድ ነገር ያዘው። ጎትቶ ያወጣው ነገር ሻማ መሰለ፦ ነጭ፣ ድርቅ ያለ ቅባት። ፈተግ አደረገው። የበሬ ስብ አለበት፣ ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት አለበት፣ ሳሙና ሳሙናም ይሸታል።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የሚበሉት?»

«የተቀቀለ ድንች፣ የተቀቀለ ካሮት። ሐኪሙ ዘይት ከከለከለኝ ዓመት አለፈኝ። ጠርሙሱም ቤቴ የለ።»

ሽቦ ብድግ አለ። ሥራው እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ ነገሩ ግን አላስቀምጥ አለው። የዓሣውን ሽታ እየተከተለ ደረጃውን ወጣ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የአንዲት ልብስ ሰፊ በር ገርበብ ብሏል። ልብስ ሰፊዋ ዓሣዋን አውጥታ ዘይቱን ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው። ቀጥላ ሳሙና፣ ከዚያ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ለቀቀችበት።

«አንቺ ሴትዮ! ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

መጥበሻዋን እንደያዘች ሳቋ መጣ። «አይ አንተ ሰውዬ! አንተ ነሃ! የዛሬ ሃያ ዓመት፣ እዚህ የገባሁ ጊዜ ‹ዘይት ከደፋሽ የፈላ ውሃ አስከትዪበት› ብለኸኝ የለ? ሕንፃው ሁሉ ባንተ ቃል አይደል እንዴ የሚኖረው?»

ያኔ ወጣት ነበር፤ በየበሩ እየቆመ ምክር ማደል ደስ ይለው ነበር። የፈላ ውሃ ቅባቱን ያሟሟዋል፣ ከዓይን ያርቀዋል። ሦስት ፎቅ ወርዶ ሲቀዘቅዝ የት እንደሚረጋ ግን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። ለካ ያንን ሁሉ ዓመት ስብ የሚልከው ወደ እኚህ ሴት ኖሯል።

ያኔ ምክር ያደለበትን በር ሁሉ እንደገና አንኳኳ። «ያልኳችሁን እርሱት። ዘይቱ ይቀዝቅዝ፣ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅሙት፣ መጥበሻውን በወረቀት ጠርጋችሁ እጠቡ።»

«ሃያ ዓመት ስታስበው ቆይተህ ነው?» አለው የአራተኛ ፎቁ ጡረተኛ።

ተመልሶ ሲወርድ አሮጊቷ እንደተቀመጡ ናቸው።

«እትዬ፣ እርስዎ አልረሱም» አለ፣ ልጃቸው እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኔ ነኝ የረሳሁት።» ነገሩንም አንድ በአንድ ነገራቸው።

ልጅቷ እጇ ላይ የነበረውን ሳህን ይዛ ቀረች። አሮጊቷ ተነሥተው ሳህኑን ተቀበሏት፤ ከዚያ ካርቶኑን ወደ ራሳቸው ሳቡና ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ማጥለያ፣ እያንዳንዱን ሳያዩ ወደየቦታው መለሱት።